ድርቆሹን አታራግፉ

ኖርቢን፣ እሑድ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1967

የምወድህ ልጄ ሲክስተን፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እኛ ሁላችንም ደህና ነን» ይባላል። እኔም ስንት ዓመት እንደዚያ እያልኩ ስጽፍልህ ኖሬአለሁ። ላሟ እግሯን ስትሰበርም ደህና ነን፣ የበረቱ ጣራ በበረዶ ሲደረመስም ደህና ነን። ዛሬ እሱን ልዝለለውና በቀጥታ ልንገርህ። አባትህ ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። በሕይወት አለ፣ ይናገራል። ትናንት ሾርባውን ግማሽ ድረስ ጠጥቶ «ይሄን ድንች የቀቀለው ሰው ድንች አይቶ ያውቃል?» ሲል ነርሷ ሰምታዋለች። እንግዲህ ወንበር ስበህ ቁጭ በልና ቀስ ብለህ አንብብ።

ለምን ስልክ አልደወልሽም ትል ይሆናል። ስልኩ ሱቁ ውስጥ ከዱቄት ሚዛኑ አጠገብ እንደሆነ ታውቃለህ፤ መንደርተኛው ሁሉ ቆሞ ጆሮውን ቀስሮ እየሰማኝ ይሄን ነገር መናገር አልችልም። ደግሞ የምነግርህ ነገር ሁለት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብደኛል፤ ድፍረቱ እስኪመጣልኝ ከቀላሉ ልጀምር።

በሽታው ያንተው ነው። የጥንቸል በሽታ፤ እናንተ እዚያ ቱላሬሚያ የምትሉት። ያንተው ማለቴ አንተ የምታውቀው ማለቴ ነው እንጂ አንተ አመጣኸው ማለቴ አይደለም። እዚህ ሁለቱን የማይለዩ ሰዎች አሉ፣ እነሱንም እነግርሃለሁ። በወረዳችን በየሦስተኛው ቤት አንድ ሰው እየሳለ ተኝቷል። ሁሉም ላም የሚያረባ ነው። የሱቁ ሰውዬና ቄሱ ምንም አልሆኑም።

በበጋው አንተና አባትህ ስትጣሉ እኔ በመሐላችሁ ሣር እየሰበሰብኩ ነበር፤ አንዷም ቃል አላመለጠችኝም። ስለ ሥራህ የጠየቀህ እሱ ነው። አንተም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትደብቅ ነገርከው። በመከላከያው ምርምር ቤት የዚህን በሽታ ጀርም እንደምታጠኑ፣ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ከአውሮፕላን ሊረጭ እንደሚችል፣ እንደማይታይ፣ እንደማይሸት፣ ሰው ተንፍሶት ብቻ አልጋ ላይ እንደሚወድቅ፣ ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ እንደሚያስፈልግ። እሱ ምን አለ? «እኔ ላም አረባለሁ፤ ልጄ በሽታ ያረባል።» አንተም መንሽህን ረግረጉ ላይ ተክለህ ሄድክ። ድርቆሹ ገና እኩሌታው እንኳ አልተሰበሰበም ነበር። አውቶቡሱ እስኪመጣ መንገድ ዳር ስትቆም ከሩቅ አይቼሃለሁ። አባትህም ያይህ ነበር፤ አላይም ይበል እንጂ።

ያንን መንሽ ማንም እንዳይነቅለው አዘዘ። እስከ ኦክቶበር ዝናብ ሲመታው እዚያው ቆሞ ቆየ። አንድ ቀን ሄዶ አመጣው፣ እጀታውን በዘይት ወለወለው፣ በረት ውስጥ ከፈረሱ ልጓም አጠገብ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ ድርቆሹን የሚያራግፈው ባንተ መንሽ ነው። የራሱ ከብዶኛል ይላል። ክብደታቸው አንድ ነው።

ከዚያ የሜዳው አይጥ መጣ። እንዲህ ያለ መኸር አላየሁም። ድንች ስናወጣ ከየጉድጓዱ ይፈልቅ ነበር። ድመታችን መጀመሪያ ሰሞን እየያዘች ደጃፍ ላይ ትደረድርልን ነበር፤ በኋላ ግን ሰልችቷት ዝም ብላ ታያቸው ጀመር። ጎረቤታችን ዶርዲ ከድንች ጓዳዋ በስተኋላ ሁለት ጥንቸል ሞተው አገኘችና በአካፋ ቀበረቻቸው። እኛ ግን አይጥ መቼም አይጥ ነው አልን። ዲሴምበር ላይ ረግረጉ በረዶ ሲሆን እንደ ልማዳችን በፈረስና በተንሸራታች ጋሪ ሄደን ከሜዳው ጎጆ ድርቆሹን ማምጣት ጀመርን። ድርቆሹ ውስጥ የአይጥ ጎጆ ሞልቶታል፤ አይጦቹም እዚያው ደርቀው ቀርተዋል። አባትህ በመንሹ እያነሳ ወደ ውጭ ሲወረውራቸው «ዘንድሮ ላሞቹ ሥጋ ለምደዋል» እያለ ይቀልድ ነበር።

አባትህን ታውቀዋለህ። ሌላው ሰው ድርቆሹን እንደመጣ ገንዳው ውስጥ ይጥለዋል። እሱ ግን እንደ አባቱ፣ እያንዳንዷን እቅፍ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ በትኖ ሳያራግፍ ለአንዲት ላም አይሰጥም። «ላሜ አቧራ አትበላም» ማለት ይወዳል። ውጭው እንዲያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የበረቱ በርም መስኮቱም ይዘጋል። አምፖሉ ዙሪያ አቧራው እንደ ጭጋግ ቆሞ የላማችን የሱማርሮስ ጀርባ እንኳ ሳይታየኝ የታለበ ወተት ይዤ የወጣሁበት ቀን አለ። በዚህ ጥንቃቄው ሰፈሩ ያመሰግነዋል፤ የወተት ፋብሪካው ሁለት ጊዜ ሰርተፊኬት ሰጥቶት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ያሳመመው ይኸው ጥንቃቄው ነው፣ ሲክስተን። ከማንም በላይ የታመሙት ድርቆሻቸውን በደንብ የሚያራግፉት ናቸው።

በጃንዋሪ አጋማሽ ብርድ ብርድ አለው። ራሱን እንደ መዶሻ ይመታው ጀመር፤ ሳሉ ደረቅ ነው፤ ላቡ አንሶላውን ያርሰዋል። እሱ ግን ጠዋትና ማታ በረት ይወርዳል። ተኛ ስለው «አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ» ይለኛል። የወረዳው ሐኪም መጥቶ ሳንባ ምች ነው አለና ፔኒሲሊን ሰጠው። ፔኒሲሊኑ ምንም አልሠራም።

ወተት የሚጭነው ኤድቪን አንድ ቀን ኩሽናችን ገብቶ ጓንቱን ሳያወልቅ ቆመ። አባትህ ከመጋረጃው በስተጀርባ ተኝቷል። ኤድቪን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን አባትህ እንዲሰማ ያህል ከፍ አድርጎ፣

«እትዬ ሄልፍሪድ፣ ሰው የሚለውን ሰምተሻል?» አለኝ። «በኦክቶበር ከደመና በታች ዝቅ ብሎ የዞረ አውሮፕላን ነበር። እነዚያ የምርምር ሰዎች ሞክረውብን ነው ይላሉ። ያንቺ ልጅ እዚያ አይደል የሚሠራው? አንድ ነገር ሳያውቅ አይቀርም።»

ይሄኔ መጋረጃው ተከፈተ። አባትህ በካልሲና በውስጥ ሱሪ ቆሟል፤ ፊቱ ቀልቷል፤ የበሩን መቃን ይዟል።

«ኤድቪን፣» አለው፣ «ልጄን እኔ ልሰድበው እችላለሁ። ሰድቤዋለሁም። አንተ ግን አትችልም። ጣሳህን አንሳና ውጣልኝ።»

«ኧረ እኔ ሰው የሚለውን ነው—»

«ሰው የሚለውን ሰው ይበለው። ውጣ።»

ኤድቪን ወጣ። አባትህ ያን ብሎ ቁጭ ሲል ተንገዳገደና ምድጃው ላይ ሊወድቅ ነበር፤ ብብቱን ይዤ አስቀመጥኩት። በማግስቱ አምቡላንስ መጣ። ይሄን የነገርኩህ እንድታውቀው ነው። እሱ ራሱ መቼም አይነግርህም።

አሁን ሁለተኛው ነገር።

ማክሰኞ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። የደሙ ምርመራ መልስ መጥቶ ኖሮ ሐኪሙ፣ ወጣት ነው፣ ዶክተር ቬስትሉንድ ይባላል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጥንቸል በሽታ መሆኑን ነገረን። መድኃኒቱ ሌላ ነው፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ በመርፌ ይወጉታል። ከዚያ ጠየቀው።

«ድርቆሹን የሚያራግፈው ማነው? እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አለ አባትህ፣ ኮራ ብሎ።

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«ሁለቴ። ሠላሳ አራት ዓመት።»

«በሩ ተዘግቶ?»

«ላሞቼ እንዲበርዳቸው ነው የምትፈልገው?»

ሐኪሙ አልሳቀም። ያ አቧራ ውስጥ የአይጡ በሽታ እንደነበረ፣ እሱ በየቀኑ ሲተነፍሰው እንደከረመ ቀስ ብሎ አስረዳው። አባትህ ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ ሳበ። ከዚያ «ይሄን ነገር በአውሮፕላን ይረጩታል የሚባለው እውነት ነው?» አለ። ሐኪሙም ሊሆን እንደሚችል፣ እዚህ ግን እንዲያ ያለ ነገር እንዳልተደረገ፣ አይጥና ድርቆሽ ብቻ እንደሆነ ነገረው።

«ገባኝ» አለ አባትህ። «እነሱ አውሮፕላን ያስፈልጋቸዋል። እኔ በመንሽ ረጨሁት፤ ያውም በገዛ ሳንባዬ ላይ።» ሊስቅ ፈልጎ ሳሉ ያዘው። ሲለቀው ወደ ግድግዳው ዞረና «ማንም አልነገረኝም» አለ። «ይሄን ከሁሉ በላይ የሚያውቅ ልጅ አለኝ። አንዲት መስመር ቢጽፍልኝ ምን ነበረበት?»

እኔ ካልሲውን እያጠፍኩ ነበር። እጄ ቆመ።

ሲክስተን፣ የኖቬምበር ደብዳቤህ ደርሶናል። አባትህ ግን አልሰማውም። እኔ ደበቅኩት።

ደብዳቤ የማነበው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ፤ ዓይኑ ፊደል አልይዝ ካለው ቆየ። ያን ቀን ፖስታውን ከመንገድ ዳር ሳጥን አውጥቼ እዚያው ቆሜ ከፈትኩት፤ ከበጋው ወዲህ የመጀመሪያህ ስለነበረ አላስቻለኝም። ቃል በቃል አውቀዋለሁ አሁን። «አባዬ፣ በበጋው የተባባልነው ይቆየን። ዘንድሮ የአይጥ ዓመት ነውና ስለ ድርቆሹ ልነግርህ ነው። ድርቆሹን በረት ውስጥ አታራግፉ። የግድ ከሆነ ውጭ አውጥታችሁ፣ ውሃ አርከፍክፋችሁበት፣ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ አስራችሁ። የአይጥ ጎጆ ያለበትን አቃጥሉት። የሞተ ጥንቸል በእጃችሁ አትንኩ። አባዬ፣ አንዴ ብቻ ስማኝ።»

ለእኔ የታየኝ አባትህ ነው። «አሁን ደግሞ ድርቆሽ ማራገፍ ሊያስተምረኝ ነው» ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታ ታየኝ። ገና ትንሽ በርዶለት ነበር፤ መንሽህንም የወለወለው ገና ከዚያ በፊት በነበረው ወር ነበር። ገና በዓል ስትመጣ ፊት ለፊት ትነግረዋለህ፣ እስከዚያ ይቆይ አልኩ። ደብዳቤውን የልብስ ሣጥኑ ውስጥ ከገና ጠረጴዛ ልብሱ ሥር አደረግሁት። አባትህ ሲገባ «ሲክስተን ጽፏል፣ ሰላም ብሎሃል» አልኩት።

«ሌላስ?» አለኝ።

«ሌላ የለም።»

የግድግዳውን ሰዓት ሊሞላ ሄደ። ጠዋት ሞልቶት ነበር፤ ደግሞ ሞላው።

አንተም ለገና አልመጣህም። አባትህ መልስ ይሰጥሃል ብለህ ስትጠብቅ የከረምክ ይመስለኛል፤ እሱ ደግሞ አንተ እንድትጽፍለት ይጠብቅ ነበር። መሐላችሁ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የጠረጴዛውን ልብስ ሳወጣ ደብዳቤው እግሬ ሥር ወደቀ፤ አንስቼ መለስኩት። አንድ ቀን ብቻ ሞከርኩ። «ድርቆሹ ላይ ትንሽ ውሃ ብናርከፈክፍበትስ?» አልኩት። «ምን ሆነሻል፣ በረዶ ላብላቸው?» አለኝ። እኔም ተውኩት። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ያህል የሚያሰጋ ነገርም አልመሰለኝም። ወጣት የተማረ ሰው ያበዛዋል አልኩ። ባላምንህ ይቅር በለኝ። የማይታይ ነገር መፍራት ከብዶኝ ነው።

ማክሰኞ ማታ ቤት ገብቼ አልተኛሁም። ሐሙስ ደብዳቤውን በጡት መያዣዬ ውስጥ አድርጌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የጥየቃ ሰዓት ሲጀምር ገባሁ። አጠገቡ የተኙት ሁለት ገበሬዎች እንዳይሰሙ ወንበሬን አስጠጋሁ።

«ኤሎፍ፣» አልኩት፣ «ልጅህ ጽፎልህ ነበር። እኔ ነኝ ያላነበብኩልህ።»

አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ስጨርስ «ቀኑ መቼ ይላል?» አለ።

«ኖቬምበር ዘጠኝ።»

በጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ሲቆጥር አየሁት። የመጀመሪያውን ጋሪ ድርቆሽ ያመጣነው ከሉሲያ በዓል ማግስት፣ ዲሴምበር አሥራ አራት ነው። አምስት ሳምንት ጊዜ ነበረን።

«ድገሚልኝ» አለ።

ደገምኩለት። «አባዬ፣ አንዴ ብቻ ስማኝ» የሚለው ጋ ስደርስ እጁን አነሳ፤ ከዚያ በላይ እንዳላነብ ነው። የሚሰድበኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን «አንቺ ፈርተሽ ነው» አለኝ። «ያስፈራሁሽ እኔ ነኝ።» ከዚያ ጥቂት ቆይቶ «ጥሩ ደብዳቤ ነው፤ ትንሽ ረዘመ እንጂ» አለ። እኔ ማልቀስ የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው፤ ገበሬዎቹም ሰሙ፣ ይስሙ።

ወንበሬን ስመልስ «ድምፅሽ ምን ሆኖ ነው የሻከረው?» አለኝ። ብርድ ነው አልኩት። የክረምት ጉንፋን ለማን ይቀራል?

ላሞቹን እንዳትረሳቸው ብዬ ነው፤ እነሱ ደህና ናቸው። አሁን ዶርዲ ታልባቸዋለች፤ ድርቆሹን ውጭ አውጥታ በውሃ እያራሰች፣ አፏን በባሏ ሻርፕ ጠምጥማ። ወንበዴ ትመስላለች። አባትህ ከሄደ በኋላ ግን ዘጠኝ ቀን ያራገፍኩት እኔ ነበርኩ። ያው በረት ውስጥ፣ ባንተው መንሽ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። ጨርቅም አላሰርኩም። ደብዳቤህን በቃሌ እያወቅኩት ለምን እንዳላሰርኩ ትጠይቀኝ ይሆናል። ለእሱ ያልነገርኩትን ለራሴ ማድረግ አሳፈረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ዶርዲ ስትሰማ «አንቺ ሴትዮ፣ አእምሮሽን ስተሻል?» ብላ መንሹን ከእጄ ነጠቀችኝ።

ትናንት ደግሞ ዶክተር ቬስትሉንድ አባትህን አንድ ነገር ጠየቀው። ከአክታውና ከደሙ ትንሽ በብልቃጥ አድርጎ ወደ ምርምር ቤት ሊልክ እንደሚፈልግ፣ የዚህን ዓመት ጀርም ሊያዩት እንደሚፈልጉ። አባትህ «የት ነው የሚሄደው?» አለ። ሐኪሙ የከተማችሁን ስም ጠራ። እኔ አባትህን አየሁት። በበጋው ያለው ሁሉ በፊቱ ላይ ሲያልፍ አየሁ፤ አሁን እንቢ ይላል አልኩ።

«ይሂድ» አለ። «ልጄ እዚያ ነው።»

ሐኪሙ ሲወጣ እጄን ያዘኝ። ትኩስ ነው እጁ። «ጻፊለት» አለኝ። «የኔን ሲከፍት አፍና አፍንጫውን ደህና አድርጎ ይሰር በይው። ቀልድ አይደለም በይው፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

ልክ እንዲህ ነው ያለው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፤ ከእንግዲህ ያንተን ቃል ለእሱ፣ የሱንም ላንተ መቀነስ ትቻለሁ።

ብልቃጡ ነገ በባቡር ይሄዳል። ዛሬ እሑድ ሆኖ የምጽፍልህ ይሄ ደብዳቤ ከሱ እንዲቀድም ነው፤ የአባትህን ስም መጀመሪያ ብልቃጡ ላይ እንዳታነበው። ደብዳቤውን ዛሬውኑ ወደ ጣቢያ የሚወስደው ኤድቪን ነው። ጠዋት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ጓንቱን አውልቆ። «እትዬ፣ የምትልኪው ነገር ካለ ጣቢያው ድረስ እወስዳለሁ» አለ። ስለ አውሮፕላኑ አላነሳም። እኔም አላነሳሁበትም፤ ወንድሙም ማክሰኞ ገብቶ ከአባትህ ሦስት አልጋ አልፎ ተኝቷል።

ሐኪሙ ስለ አባትህ ይሄ ሳምንት ይለየዋል ብሎኛል። ሳንባው ድሮም ደካማ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ዘግይቶ ነው የተጀመረው። ትኩሳቱ ሌሊት ይወጣል፣ ጠዋት ትንሽ ይወርዳል። ስለዚህ ና ልጄ። ፈቃድ ጠይቅ፣ ካልሰጡህ ሳትጠይቅ ና። ሊጠይቁት የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቤት ሳትመጣ በቀጥታ ወደሱ ሂድ። ይቅርታ እንዲልህ አትጠብቅ። ስለ ድርቆሹ ጠይቀው፤ እሱ ከዚያ ይጀምራል። በረት አትግባ።

በኔ እንደምትቀየም አውቃለሁ፤ ተቀየም፣ መብትህ ነው። ግን ተቀይመህም ቢሆን ና።

እግዚአብሔር የምትተነፍሰውን አየር ያጥራልህ። እጅህ በማይታይ ነገር ላይ ሲሠራ እሱ ይየው። መንገድህን ያቅናልህ፤ አባትህን በዓይኑ ዓይንህን ሳያይ አይውሰድብኝ።

እናትህ
ሄልፍሪድ

ደግሞ፦ ፖስታውን ልዘጋ ስል ዶርዲ ከኋላዬ ቆማ «ስለራስሽ ጽፈሻል?» አለችኝ። አልጻፍኩም ነበር። ከእንግዲህ አልደብቅህም ብያለሁና ልጻፈው። ትናንት ሐኪሙ ሳሌን ሰምቶ አንገቴን ዳሰሰኝ፤ ንፍፊት አለኝ፣ ትኩሳትም ለካኝ፣ ከኔም ደምና አክታ ወሰደ። ነገ ኤድቪን ሆስፒታል ወስዶኝ እተኛለሁ፤ አልጋ ተገኝቶልኛል፣ በሴቶቹ በኩል። ስለዚህ የሚመጡልህ ብልቃጦች ሁለት ናቸው። ነርሷ ጓንት አድርጋ ስለነበር በሁለተኛው ላይ ስሜን ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ጽሕፈቴን ታውቀዋለህ፣ እንዳትደነግጥ። እሱንም ስትከፍት አፍህን እሰር።